አንድ ጉድጓድ፣ ሁለት ችግኝ

ግቢያችን ጠባብ ናት፣ መቶ ስልሳ ካሬ፤
ቤቱን፣ ሮቶውን፣ ሴፕቲኩን ቆጥሬ፣
የተረፈው ቦታ፣ ላንድ ዛፍ ነው ዛሬ።

ጉድጓዱን ቆፈርኩት፣ ክንድ ተኩል ወርዱ፤
ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከታች ነጭ አመዱ።
የበሬ ፍግ መጣ፣ ማዳበሪያ ሙሉ፤
ምን እንደሚተከል፣ አልተቆረጠም ቃሉ።

ዘርፌ «ጃካራንዳ» አለች፣ ያው ባንድ አፍ፤
የእኔ ልብ ያረፈው፣ የድሬዳዋ ዛፍ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ በገንዘብ፣ በዘመድ፣ በወጥ ጨው ያልተጣላን፣
በችግኝ ተጣላን።

«የአዳማን ነፋስ ታውቃለህ፣ ሲያፏጭ ቆርቆሮ ነቅሎ፤
ያንተ ዛፍ ክንዱ ደካማ ነው፣ ይወርዳል ተገንጥሎ።
ሥሩም ዐይን የለውም፣ ይሄዳል ወለል ፈንቅሎ፣
ሴፕቲኩን አንቆ፣ ሮቶውን አዝሎ።
የእኔው ግን ጨዋ ነው፣ ሽቅብ የሚል ሎጋ፤
መጋቢት ሲገባ፣ ወይን ጠጅ ለብሶ ነው ግቢው የሚነጋ።»

እኔም መለስኩላት፦
«ጥላው እንደ ወንፊት፣ ፀሐይ እያሳለፈ፣
እንዲህ ያለ ዛፍ ሥር፣ ማን ቀትር አረፈ?
አበባው ሲረግፍ፣ ይሟልጫል ሲረግጡት፤
የኔው ግን ጃንጥላ ነው፣ ባራቱም ማዕዘን የዘረጉት፤
ስምንት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከነእንግዳው የሚይዝ፣
በግንቦት እሳት ለብሶ፣ በግንቦት የሚያቀዘቅዝ።»

«በበጋ ራቁቱን ነው» አለች።
እውነቷን ነው። ዝም አልኩ።

ወንጂ ማዞሪያ ዳር፣ ችግኝ ትሸጣለች፣
አደ ዲንቄ፤ በተሰነጠቀ ጆግ፣ ውሃ ታርከፈክፋለች።
ሙግታችንን እስኪያልቅ ሰምታ፣ እንዲህ ፈረደች፦
«ግንብ ለተጠጋበት፣ ጃካራንዳ ይሻላል፤
የድሬዳዋው ዛፍ፣ ሰፊ ሜዳ ይላል።
ሥሩ እንዳይደነግጥ፣ ፕላስቲኩን ቅዳችሁ በማታ ትከሉ፤
አንገቱን አትቅበሩት፣ ዙሪያውን ገለባ ጣሉ፤
በሳምንት ሁለቴ ጠግቦ ይጠጣ፣ በየቀኑ አታባብሉ።»

ተሸነፍኩ። ጃካራንዳውን ገዛሁ።
በማታ ተከልኩት፤ ባሮጌ ካልሲዬ፣ ላላ አርጌ አስሬ፣
ከጎረቤት ፍየል፣ በእሾህ አጥሬ።
በሦስተኛው ዓመት፣ የታች ቅርንጫፉን በመጋዝ መልምዬ፣
ለእሷ ዛፍ ሎሌ ሆንኩ፣ የራሴን ምኞት ጥዬ።

ጥዬ ማለቴ…
በሁለተኛው ክረምት ነው፣ ቅጠሉን ገልብጬ ያየሁት።
የጃካራንዳ ቅጠል፣ ጫፉ መርፌ ነው፤
የዚህኛው ግን ድቡል ያለ፣ የሕፃን ጥፍር።
አደ ዲንቄ ተሳስታለች፤
ሁለቱም በልጅነታቸው ላባ ናቸው፣ መንታ ይመስላሉ።
ግንቡ ሦስት ሜትር ላይ ነው። ሴፕቲኩ ሁለት።
መንቀል ነበረብኝ። መናገር ነበረብኝ።
ውሃ ጨመርኩለት።

ዘርፌ በየመጋቢቱ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ፣
«ዘንድሮም አላበበም» ትላለች፣ ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ ፈልጋ።
በስድስተኛው ግንቦት፣ አንድ ጠዋት ጮኸች፤
በነጠላ ጫማ ሮጥኩ። ዛፉ ሥር ቆማለች።
ከጫፉ አንዲት ቀይ፣ ከጎኗ ሌላ ቀይ፣
ፍም የተበተነ ይመስላል፣ ከሮቶው በላይ።
ዛፉን አየች። እኔን አየች። ደግሞ ዛፉን።
«አውቀህ ነው?»
«አደ ዲንቄ ናት» አልኩ፤
ግማሹ እውነት ወጣ፣ ግማሹ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ያለችው ሁሉ ደርሷል።
የሴፕቲኩን ክዳን፣ ሥሩ አንድ ጣት አንስቶታል፤
የጥር ነፋስ መጥቶ፣ አንድ ክንዱን ወስዶበታል፤
የደረቀው ፍሬ፣ እንደ ጎራዴ ረዝሞ፣ ሌሊቱን ሲንኳኳ ያድራል።
ግን አስፋልቱ ሲቀልጥ፣ በቀትር፣
ወንበር ይዛ የምትወጣው፣ ቀድማኝ ነው እሷ፤
ቀይ ጠብ ይላል፣ ከትከሻዋ፣ ከሽበታም ራሷ።

እንግዳ መጥቶ ቀና ብሎ፣ «ምን የሚሉት ዛፍ ነው?» ሲላት፣
ያ ሁሉ ቀይ ከላይዋ ሆኖ እየመሰከረባት፣
«ጃካራንዳ» ትላለች፣
ወደኔ ዞራ ታየኛለች።
እኔም መጥረጊያዬን አንስቼ፣ ቀዩን እየሰበሰብኩ፣
«ጃካራንዳ ነው» እላለሁ፣ ቀና ሳልል።